የተቀበረችው መኪናና የአያቶቻችን ማሰሮ



ሰኔ 8 ቀን 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1957) በአሜሪካ አገር፣ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ ተልሳ በምትባል ከተማ ሕዝብ በፍርድ ቤቱ ግቢ ተሰብስቦ አንዲት መኪና ቀበረ። የወደቀች፣ የዛገች፣ ባለቤቷ የሰለቻት መኪና እንዳትመስላችሁ። በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የሆነች፣ ወርቃማና ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ፕሊማውዝ ቤልቬዴር የተባለች መኪና ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክላሆማ ራሷን የቻለች ክፍለ ግዛት ከሆነች እ.ኤ.አ. በ1957 ሃምሳ ዓመት ሞላት። የተልሳ ሰዎች በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ከሌላ ሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ትውልድ የጊዜያቸውን ኑሮ የሚያሳይ አደራ መሬት ውስጥ ለማስቀመጥ ተስማሙ። ጉድጓድ ቆፍረው በሲሚንቶ ገነቡት። ዘመኑ የአቶሚክ ቦምብ ፍርሃት የነገሠበት ስለነበር ግንቡ የአቶሚክ ፍንዳታ እንኳ እንዲችል ታስቦ ነበር የተሠራው። መኪናዪቱን ዝገት የሚከላከል ቅባት ቀብተው በሽፋን ላይ ሽፋን ደራርበው ጠቀለሏት። ቤንዚንና የሞተር ዘይትም አብረው አስቀመጡላት፤ የሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው ቤንዚን የሚባል ነገር ጨርሶ ረስቶት ቢሆንስ ብለው ሰግተው ነው! ከሴት ቦርሳ የሚገኘውን ኮተት ሁሉ፣ የፀጉር መያዣውን፣ የከንፈር ቀለሙን፣ ማስቲካውን፣ ዝርዝር ሳንቲሙን፣ ሳይከፈል የቀረውን የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀት ጭምር ጨመሩበት። አንድ ካርቶን ቢራም አልቀረ። ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ውርስ ይህ ከሆነ እንግዲህ ምን ይባላል!

ውድድርም ነበረው። እያንዳንዱ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተልሳ ሕዝብ ስንት እንደሚሆን ገምቶ እንዲጽፍ ተደረገ። ለትክክለኛው ቁጥር በጣም የቀረበው ሰው መኪናዪቱን፣ ደግሞም በባንክ የተቀመጠ መቶ ዶላር ከነወለዱ ይወስዳል ተባለ። ከዚያ ጉድጓዱ ተዘጋ፤ አፈር ለበሰ።

ሰኔ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ እኛ ኢትዮጵያውያን አዲሱን ሚሌኒየም ለመቀበል ሦስት ወር ሲቀረን፣ ተልሳዎች ቀጠሯቸው ደረሰ። በሂጅራ አቆጣጠር ቢታሰብ ሃምሳ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሆኗል። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ጋዜጠኛው ካሜራውን ደግኖ፣ ሽፋኑ ተገፈፈ። የወጣችው መኪና ከላይ እስከ ታች ጭቃ ለብሳ፣ ዝገት በልቷት፣ ወንበሯ በስብሶ ነበር። ያ ቦምብ ይችላል የተባለ ግንብ ውሃ አስገብቶ ኖሯል። ለስንት ዓመት በውሃ ውስጥ እንደቆመች አላህ ይወቅ። የጠበቁት እሳት ነበር፤ የመጣው ግን ቀስ ብሎ የሚሰርግ የዝናብ ውሃ ሆነ።

አሸናፊውም ታወቀ። የገመተው 384,743 ሲሆን ከትክክለኛው ቁጥር የራቀው በ2,286 ብቻ ነው። እጹብ ግምት! ሰውዬው ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ሞቷል፤ ሚስቱም እርሱን ተከትላ ሞታለች። የዛገችው መኪና ለዘመዶቹ ተሰጠች። ያ መቶ ዶላርም ከነወለዱ ሰባት መቶ እንኳ አልሞላም። ስለ ወለድ እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ አንባቢያን የአላህን ፍርድ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ደህና ወጥቷል። ከመኪናዪቱ ጋር በደንብ የታሸገ የብረት ዕቃ ተቀብሮ ነበር። በውስጡ የነበሩት ደብዳቤዎች፣ ሰነዶችና ባንዲራ ብዙም ሳይጎዱ ተገኙ። ትልቁና ውዱ ሲጠፋ ወረቀቱ ተረፈ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

መኪናዪቱ ከዚያ በኋላ ወደ ኒው ጀርሲ ተወስዳ ለዓመታት ዝገቷን ሲያጥቡላት ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ወዳለ ቤተ መዘክር ገባች። ተልሳዎችም አልተማሩ እንደሆን እንጃ፣ የፊተኛዪቱ ገና ሳትወጣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሌላ ፕሊማውዝ፣ ፕራውለር የምትባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2048 እንዲከፈት ብለው አስቀምጠዋል። የአሁኑ ግንብ ግን ከመሬት በላይ ነው። በኔብራስካ ክፍለ ግዛት ሲዋርድ በምትባል ከተማም እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ የሱቅ ባለቤት የልጅ ልጆቹ የእርሱን ዘመን እንዲያውቁ ብሎ መኪናና በሺህ የሚቆጠር ዕቃ በግቢው ቀብሯል።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ወሬ ያመጣሁላችሁ በአሜሪካኖቹ እንድትስቁ አይደለም። የልጅ ልጅ እንዲያውቀኝ ብሎ የሚያስብ አያት ክፉ አያት አይደለም። ደግሞስ እኛ አልቀበርንም? የቡሬ፣ የደንበጫ፣ የፍኖተ ሰላም አካባቢ ሰው፣ በተለይም የእኛ ወገን ነጋዴና ሸማኔ፣ መኪና አልቀበረም እንጂ ብር ሲቀብር ኖሯል። ቤት ሲፈርስ ወይም መሠረት ሲቆፈር በማሰሮ የተቀመጠ ጠገራ ብር ተገኘ የሚለው ወሬ ለምዕራብ ጎጃም የገጠር ሰው እንግዳ አይደለም።

ለምን ይቀበር ነበር? ሽፍታ ስለነበረ፣ የሣር ክዳን ቤት በአንድ ሌሊት እሳት ስለሚያልቅ፣ ባንክ ስላልነበረ ነው ብንል እውነት ነው። የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ ለቡሬ ነጋዴ ምኑም አልነበረም። ይሁንና ሙስሊሙን በተለይ የሚነካ ሌላ ምክንያት አለ፤ በቤታችንም ብዙ ጊዜ የማይነገረው ይኸው ነው። በደጋው አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት መብት አልነበረውም። አራሹ ጎረቤቱ ሀብቱን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ ርስቱን ለልጁ ያወርሳል። ሙስሊሙ ግን ሀብቱ ሊሸከመው የሚችለው ብቻ ነበር፦ በቅሎው፣ ጭነቱ፣ የሸማኔ መወርወሪያው፣ ከእነዚህ የተረፈው ደግሞ ብሩ። መሬት የእርሱ ስላልሆነች ከመሬት በታች አስቀመጠ! እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ነገሩ በአብዛኛው ይኸው ነበር። እንግዲህ ማሰሮው የስስት ምልክት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የአንድ ሕግ ውጤትም ነው።

ከዚህ የተነሣ ንግዱ በሙስሊሙ እጅ ሆነ። በጎንደርና በጎጃም «ነጋዴ» ማለት «ሙስሊም» ማለት እስኪመስል ድረስ ቃሉ ተጣብቆ ኖሯል። በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚራገፍበት ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ከእናርያ ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን መዝለል አልፈልግም፤ ከነጋዴዎቹ መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበትና። ቡሬም ወደ ወለጋ በሚወስደው የዓባይ መሻገሪያ መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት።

የዚህ ሁሉ ንግድ መለኪያ ማርትሬዛ ነበረች። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ብር ሁሉ በየትም አገር ይመታ በማንኛውም ዓመት ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ገበያተኛው በደረቷ ላይ ያለውን የሉል ጌጥ ፍሬ ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ስትወረን እርሷም ማርትሬዛን በሮም እየመታች ይዛ መጣች፤ ወረቀቷን ሕዝቡ አላምን ብሎአት ነበርና። እንግሊዞችም እንዲሁ አደረጉ። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ጎጃም ሲገባ፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው በበላያ አድርገው ወደ ቡሬ ሲያቀኑ፣ ለአርበኛው፣ ለስንቁና ለጭነቱ የሚከፈለው በዚሁ ብር ነበር። በዚያ ዘመቻ ከሱዳን የመጡት የጭነት መኪናዎች መንገዱ አላሳልፍ ብሏቸው ሸክሙ በግመል ሆነ፤ ግመሉም በሺህ እየሞተ ቀረ። ብሩ ግን ደረሰ። ገበያ ከገባ በኋላ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው የቀበረው ሰው ነው።

ከዚያ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ወጣ። ማርትሬዛ የመገበያያነት ዘመኗ አበቃ፤ ገጠሩ ወረቀቱን ለማመን ጊዜ ቢወስድበትም። ሊነግድ ወጥቶ በወባ ወይም በሽፍታ የቀረው ነጋዴ፣ ለሚስቱም ለልጁም ቦታውን ሳይነግር ያስቀመጠው ማሰሮ፣ አገሩ ገንዘቡን ሲለውጥ ከምድጃው ሥር ተኝቶ ቀረ።

ይህን ስጽፍ በየጁሙዓው የምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ትዝ አይላችሁም? የዋሻው ወጣቶች ከእንቅልፋቸው ሲነሡ አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል የተኙ መሰላቸው። ራባቸው። ከመካከላቸው አንዱን በያዙት ብር ንጹሕ ምግብ እንዲያመጣ ወደ ከተማ ላኩት። የቁርኣን ተንታኞች እንደሚተርኩት ምስጢራቸውን ያወጣው ያ ብር ነው፤ ሻጩ ሲያየው በዘመኑ የማይታወቅ የድሮ ንጉሥ ገንዘብ ሆነበት። ሦስት መቶ ዓመት፣ በጨረቃ ሲቆጠር ሦስት መቶ ዘጠኝ፣ አልፏል። ብሩ አልዛገም፤ አልጠፋም። ዳቦ ግን አልገዛም። ሱብሐነላህ! አላህ ወጣቶቹን ጠብቆ ያስነሣው ገንዘባቸው እንዲሠራ አልነበረም።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን መልክ የያዘውን ገንዘብ ቀየረ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች እንደሚቀየሩ፣ አዲስ የሁለት መቶ ብር ኖትም እንደሚወጣ ተነገረ፤ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያን ሰሞን ፍራሹን የቀደደ፣ ሣጥኑን የሰበረ፣ ግድግዳውን የፈተሸ ስንት ሰው ነበር! ዝም ብሎ የሞተ አባት የደበቀው ወረቀት ከሦስት ወር በኋላ ቢገኝ የልጆች መጫወቻ ከመሆን አያልፍም። ጠገራው ብር ቢያንስ ለአንጥረኛ ይሸጣል።

በዚያችው ሱራ ሌላ ታሪክ አለ። ሙሳና ኸድር (ዐለይሂመስሰላም) ምግብ የነፈገቻቸው ከተማ ውስጥ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙ፤ ኸድር ያለ ዋጋ አቀናው። ኋላ ምክንያቱን ሲነግረው፣ ከሥሩ የሁለት የቲሞች ድልብ ነበረ፤ አባታቸው ደግ ሰው ነበር፤ ጌታህ ለአቅመ አዳም ደርሰው እንዲያወጡት ፈለገ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ልብ በሉ፤ ግድግዳው አልጠበቀውም። ግድግዳው እየወደቀ ነበር። የተጠበቀው በአባትየው ደግነት ነው። ድልቡ ምን ነበር ሲባል ተንታኞች ይለያያሉ። ከፊሎቹ ገንዘብ ነው ብለዋል፤ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በተላለፈ አንድ ዘገባ ግን ዕውቀት የተጻፈበት ጽሑፍ ነበር። የተልሳው የብረት ዕቃ ትዝ ይበላችሁ።

አሁን ጥቂት ወደ ሕጉ ልግባ፤ በቤተሰብ መካከል ጠብ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነውና። ማሰሮ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ «ሪካዝ ነው፤ አንድ አምስተኛውን ሰጥቼ ቀሪው የእኔ ነው» ይላል። ሪካዝ ላይ አንድ አምስተኛ ግዴታ መሆኑ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በትክክለኛ ሐዲስ የተላለፈ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ሪካዝ የሚሉት ከእስልምና በፊት በነበሩት፣ በጃሂሊያ ሰዎች የተቀበረውን ነው። እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ቁጥር ያለበት ማርትሬዛ ደግሞ ቢበዛ ከ1194 ዓመተ ሂጅራ ወዲህ ነው። በአያታችሁ ቤት መሬት ውስጥ ከተገኘ ምናልባትም የአያታችሁ ንብረት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ሚራስ ነው። ሚራስ ከሆነ ደግሞ ዶማውን የያዘው ልጅ ብቻ አይወስደውም። ባል አግብተው ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሄዱት እህቶችም ድርሻ አላቸው! ባለቤቱ ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ የጠፋ ዕቃ ሕግ አለው፤ ዓመት ሙሉ ማሳወቅን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ጉዳይ የተለያየ ስለሆነ ለሚያውቅ ዓሊም ማቅረብ ነው። በአገሪቱ ሕግም በኩል፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ድንገት የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ እንደሚገባ ይደነግጋል።

የቀበረው ሰውስ? ከእርሱም ግዴታው አይወርድም። የብር ኒሷብ ሁለት መቶ ዲርሃም፣ ማለትም 595 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነው። አንዷ ማርትሬዛ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ስላላት ሃያ ስድስት ፍሬ ከሞላ ኒሷብ ሞልቷል። በየዓመቱ ከአርባ አንድ ይወጣል። ብር ቢቀበርም ዘካው አብሮ አይቀበርም ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ዘካ ሳይወጣለት የኖረ ማሰሮ ለወራሾች የሚያስተላልፈው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄም ነው። ከሞተ ሰው ሀብት ያልተከፈለ ዘካ እንዴት እንደሚወጣ ዑለማዎች ሰፊ ንግግር አላቸው፤ ጠይቁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከብሩ ይልቅ ሌላው ድልብ ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ጎጃም ሲጽፍ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ርስት ይጽፋል። ርስት የሌለው፣ ሹመት የሌለው ሙስሊም በዚያ ውስጥ ቢገባም በጥቂቱ ነው። የእርሱ ታሪክ ያለው በሁለት ቦታ ነው፦ በሽማግሌዎች ልብና በአሮጌ ኪታቦች ዳርቻ ላይ። ሸኹ ከማን ቀራ? ወሎ ወርዶ ነው? የማን ደረሳ ነበር? የነጋዴው ጓዝ ዓባይን በየትኛው መሻገሪያ ይሻገር ነበር? መስጊድ ባልነበረበት ዘመን ጁሙዓ የት ይሰገድ ነበር? ሟች የት ይቀበር ነበር? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለመብቱ ሰልፍ ሲወጣ ወሬው ቡሬ እንዴት ደረሰ? ይህን የሚመልስ መጽሐፍ ከሱቅ አይገዛም። አያታችሁን ጠይቁ፤ አያታችሁ በሕይወት ካሉ።

የቀደምቶቻችንን ብልህነት ተመልከቱ። በ12ኛው ዓመተ ሂጅራ በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሶሓባዎች ሲገደሉ ዑመር (ረ.ዐ) ደነገጠ፤ አቡበክርን (ረ.ዐ) ቁርኣን እንዲሰበሰብ ጎተጎተው። ሥራው ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት ተሰጠ። ዘይድ ራሱ ሓፊዝ ሆኖ ሳለ በልቡ ባለው ብቻ አልጻፈም፤ ከቆዳውም፣ ከዘንባባው ዝንጣፊም፣ ከሰዎችም ልብ ሰበሰበ። የተጻፈውን በሚያስታውሰው ሰው፣ ሰውን በተጻፈው አረጋገጠ። ከአንድ ቦታ ብቻ ያለ አደራ አደራ እንዳልሆነ ያወቁት በአንድ ቀን ጦርነት ነው። በእኛም አገር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ሰው ነፍሱን ሲያድን ሣጥን አይሸከምም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ግን ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን የቀዳ ሌላ ሰው ነበረን?

ደግሞ በበጎ ልብ የምናጠፋውም አለ። ያረጀ ሙስሐፍ ወይም ኪታብ እንዳይረገጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰው በማይረግጠው ቦታ መቅበር ዑለማዎች የፈቀዱት ክቡር ልማድ ነው። ማቃጠልም እንዲሁ፤ ዑስማን (ረ.ዐ) ያደረገው ነውና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1972 በየመን ሰንዓ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የታላቁን መስጊድ ጣራ የሚያድሱ ሠራተኞች በጣራውና በኮርኒሱ መካከል ክምር አሮጌ ብራና አገኙ። ከዘመናት በፊት ያረጁ የቁርኣን ቅጠሎችን ሰዎች ላለመጣል ብለው እዚያ አኑረዋቸው ነበር። ሲመረመሩ ከመካከላቸው ከመጀመሪያው የሂጅራ መቶ ዓመት የሆኑ፣ በዓለም ካሉት ጥንታዊ ከሚባሉት የሚመደቡ ተገኙባቸው። ያን ቀን አንዱ ችኩል ሰብስቦ ቢቀብራቸው ኖሮ ውሃና ምስጥ በጨረሳቸው ነበር።

ስለዚህ የሸኹ ኪታቦች በቆዳ ማህደራቸው ተሰቅለው ካሉ፣ ወይም እናታችሁ በጨርቅ አስረው ቆጥ ላይ ያኖሩት ነገር ካለ፣ ከመቅበራችሁ በፊት አንድ ጊዜ አውርዱት። ጢስና አይጥ ከሚደርስበት አርቃችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩት፤ በላስቲክ አፍናችሁ አትዝጉት፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ያሻግተዋል። የተልሳዋን መኪና አይታችኋል። ገጹን በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለሁለት ሦስት ዘመድ ላኩት። ለመስጠት የምትፈቅዱ ከሆነም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓረብኛና የዐጀም የእጅ ጽሑፎችን ይሰበስባል፤ ወመዘክርም አለ። ለመስጠት ካልፈቀዳችሁ ደግሞ የራሳችሁ ነው፤ ማንም አያስገድዳችሁም።

ዓረብኛ የሚያነብ አንድ ደረሳ አጠገባችሁ አስቀምጡና በመሐሉ ያለውን ብቻ ሳይሆን ዳርና ዳር፣ በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ፣ በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ የተጫረውን አስነብቡት። የብድር ሒሳብ ሊሆን ይችላል። የድርቅ ዓመት፣ የልጅ ልደት፣ ኪታቡ ስንት ማርትሬዛ እንደተገዛ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ሊሆን ይችላል። ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ ልጆቹም ይቀመጡና ይስሙ።